ድልድዩ የማን ነው?

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ኢንቦክስ ላይ መጥቶ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ አንድ ጥያቄ ጣለልኝ። ልጁ አድጎ አሁን የአንድ ገጠር ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ሆኗል። «ቲቸር፣ ከተሞች የኢትዮጵያ ከተሞች ማኅበር የሚባል አላቸው። እናንተ መምህራን ማኅበር አላችሁ። ገበሬውም በዩኒየን ተደራጅቷል። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶች ግን አንድ ላይ ሆነው የሚናገሩበት ምን አለ?» ይላል።

«አስቤበት እመልስልሃለሁ» አልኩት። መምህር መልሱን ሳያውቅ ሲቀር የሚላት ነገር ናት፤ ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታውቋታላችሁ። አራት ቀን አሰብኩበት። በኢንቦክስ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው። ረጅም ነው፣ ከወዲሁ ይቅርታ። ደግሞ ባለንበት ጊዜ፣ ሰው ስለ ሰላምና ስለ ኑሮ ውድነት በሚጨነቅበት ሰዓት፣ ስለ ቀበሌ ምክር ቤት መጻፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ነገሩ አንዲት ልጅ ናት። በእሷ ልጀምር።

በ2000 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመርቄ የተመደብኩት አንኮበር ወረዳ ነበር። (ዲፕሎማ ይዘህ አሁን ሁለተኛ ደረጃ እንዴት ታስተምራለህ የምትሉኝ አላችሁ። የክረምቱን ዲግሪ ጀምሬ አቋርጬዋለሁ፤ ትምህርት ቤቱ መምህር አጠረው፣ እኔ አለሁ፤ በዚህ እንለፈው።) ከደብረ ብርሃን ጎረቤላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከዚያ ገደሉን ይዛችሁ ወደ ቆላው ስትወርዱ ጋቢያችሁን ትከሻችሁ ላይ ታጥፉታላችሁ፤ ገብሱ ያልቅና ማሽላው ይጀምራል። ትምህርት ቤቴ እዚያ ቁልቁለቱ መሀል ነበረች። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ስነ ዜጋ አስተምር ነበር፤ የአማርኛው መምህር ሲጠፋ አማርኛም።

ከትምህርት ቤቱ በታች አንድ ወንዝ አለ። ስሙን አልጽፈውም፣ የቀበሌውንም ስም አልጠራም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ድንጋይ በድንጋይ ረግጣችሁ የምትሻገሩት ሚጢጢ ውሃ ነው። ሰኔ ሲገባ ግን ሌላ ነው። እናንተ ቆላ ሆናችሁ ጸሐይ እየሞቃችሁ ላይ ደጋው ይዘንባል። ድምፁን ትሰማላችሁ፣ ከዚያ ግንድና ድንጋይ ይዞ ይመጣል። ከተማሪዎቻችን ሲሶ የሚሆኑት ከማዶ ነበር የሚመጡት። ማዶው ሌላ ቀበሌ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ወረዳ ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

በ2008 ሰኔ ላይ የ8ኛ ክፍል ፈተና ነበር። ከማዶ ከሚመጡት አንዷ ከክፍሏ ሁለተኛ የምትወጣ ልጅ ናት። የመጀመሪያውን ቀን ተፈተነች። ሌሊቱን ላይ ቤቱ ዘነበ። በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ፣ አባቷ እጇን ይዞ፣ ወንዙ ዳር ቆመው ውሃው እስኪጎድል ይጠብቃሉ። እኛ ፈተና ክፍል ውስጥ ነን። ወንበሯ ባዶ ነው። ስሟን ሁለቴ ጠራሁት። ውሃው የጎደለው ስድስት ሰዓት አካባቢ ነው። ስትደርስ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር፤ የጠዋቱ ወረቀት ተሰብስቦ ታሽጓል። ሕግ ሕግ ነው፣ ጣቢያ ኃላፊው ምን ያድርግ። አባትየው አልተቆጣም። «እግዜር ያመጣው ነው፣ መምህር» ብሎ ይዟት ተመለሰ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለምን እኔን? ምክንያቱም እኔ የቀበሌው ምክር ቤት አባል ነበርኩ።

እንዴት እንደሆንኩ ልንገራችሁ። የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው ሚያዝያ 2005 ነው፤ በሁለት ተከታታይ እሁዶች፣ 6 እና 13። 24 ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ «ስምህን አስገብተነዋል» ተባልኩ። የት? «ቀበሌ ምክር ቤት። መምህር ያስፈልጋል።» በቃ። የምርጫ ቅስቀሳ አላደረግኩም፣ ተቃዋሚ እጩም አላየሁም። በዚያ ምርጫ 33 ፓርቲዎች ሜዳው አይመችም ብለው አልተሳተፉም። ከዚያ በፊት በ2000 የተካሄደውም ያው ነው። የቀበሌ ምክር ቤቶች መቀመጫ እንዲበዛ ተደርጎ በአንዳንድ ቦታ በአንድ ቀበሌ እስከ 300 ደርሶ ነበር፤ በአገር ደረጃ ወደ 3.6 ሚሊዮን የሚጠጋ ወንበር፤ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያሸነፈው አንድ ግንባር። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የዚያን ጊዜ እጄን አውጥቼ «አይ፣ እኔን ሕዝብ ይጠቁመኝ» አላልኩም። ደስ ብሎኝም ነበር፤ ለእናቴ ደውዬ ነግሬያታለሁ።

እና ምክር ቤቱ ምን ይሠራ ነበር? ተሰብስበን የወረደ ዕቅድ እናጸድቃለን። ማዳበሪያ፣ ተፋሰስ፣ ጤና ኤክስቴንሽን፣ የመሬት ግብር። ከዚያ መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ» የሚባል አጀንዳ አለ። የሕዝቡ ጉዳይ የሚነሳው «ልዩ ልዩ» ላይ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሰው ደክሞታል፣ ከብት የሚያስገባውም ሊሄድ ነው። የወንዙ መሻገሪያ በ2006 «ልዩ ልዩ» ላይ ተነሳ። በ2007ም ተነሳ። በ2008 መጋቢት ላይ ያነሳሁት እኔው ነኝ። ሦስቱንም ጊዜ ቃለ ጉባኤው ላይ ተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ተጻፈ፦ ለሚመለከተው አካል ይገለጽ። ወደ ወረዳ ተጻፈ። ወረዳውም በአግባቡ መለሰ፤ ማዶው ከክልላችን ውጪ ስለሆነ ከአጎራባች ወረዳ ጋር መነጋገርን ይጠይቃል አለ። «ክልላችን» ሲል ወረዳውን ነው። ትክክል ነው እኮ። ግማሽ ድልድይ በማን በጀት ይሠራል?

ከፈተናው በኋላ በዚያው ክረምት ማዶ ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ የማዶው ቀበሌ ምክር ቤት ጸሐፊ ኖረዋል። ንፍሮ እየቆረጠምን ወሬ ጀመርን።

«መምህር፣ ያንን መሻገሪያ መቼ ነው የምትሠሩት?» አሉኝ።

«እኛ? እናንተ አይደላችሁም እንዴ ጋሼ?»

«እኛማ ሦስት ዓመት ሙሉ ቃለ ጉባኤ ይዘንበታል። በእናንተ በኩል ነው የሚሠራው ብለውን እየጠበቅን ነው።»

ሦስት ዓመት። በዚህኛው ዳር አንድ ምክር ቤት፣ በዚያኛው ዳር አንድ ምክር ቤት፤ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ በማኅተም፣ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ። ርቀታችን በእግር አርባ ደቂቃ ነው። በሰርግ እንገናኛለን፣ በገበያ እንገናኛለን፣ በአንድ ታቦት ንግሥ እንገናኛለን፣ ልጆቻችን አንድ ክፍል ይማራሉ። በምክር ቤትነታችን ግን አንድም ቀን ተገናኝተን አናውቅም። የሚገርመው ደግሞ ይህ የማንም ጥፋት አይመስልም። መንገድ የለውም ነው ነገሩ።

ተማሪዬ፣ አሁን ወደ አንተ ጥያቄ መጣሁ።

ሕገ መንግሥቱን ስናስተምራችሁ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4ን አስጽፌአችኋለሁ፤ ሕዝቡ በዝቅተኛው የመንግሥት እርከን በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለእነዚህ እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። በጎ ነው። ከ1994 ወዲህም ወረዳዎች ጥቅል በጀት እያገኙ የራሳቸውን ውሳኔ እንዲወስኑ ተብሎ አሠራሩ ወደ ታች ወርዷል። ግን የመሰላሉን ቅርጽ ተመልከቱት። ቀበሌ ለወረዳ፣ ወረዳ ለዞን፣ ዞን ለክልል። ዞን ስንል ደግሞ የእኛ ሰሜን ሸዋ ዞን የተመረጠ ምክር ቤት የለውም። በአማራ ክልል ምክር ቤት ያላቸው ዞኖች የብሔረሰብ አስተዳደሮቹ ናቸው፤ አዊ፣ ዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን። የተቀረው ዞን የክልሉ መንግሥት የአስተዳደር ክንፍ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሁለት ቀበሌ በአንድ ወንዝ ሁለት ዳር፣ በሁለት ወረዳ። የሁለቱም ተመራጭ አንድ ጉባኤ ላይ የሚቀመጥበት የመጀመሪያው ቦታ የት ነው? ባሕር ዳር። ከእኛ በአዲስ አበባ ዞራችሁ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ። አርባ ደቂቃ ለሚወስድ ጉዳይ።

አንኮበር ደግሞ ለዚህ ነገር ታሪክ ያላት አገር ናት። ቤተ መንግሥቱ የነበረበትን ኮረብታ የወጣችሁ ታውቃላችሁ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ኋላም በምኒልክ የሸዋ ንጉሥነት ጊዜ፣ ከአልዩ አምባ ገበያ ጀምሮ ያለው ሰው ሁሉ ጉዳይ ሲኖረው ሽቅብ ወደዚያ ኮረብታ ነበር የሚያየው። መልከኛው ሽቅብ ነው የሚያየው፣ ጭቃ ሹሙ ሽቅብ ነው የሚያየው። ጎን ለጎን መተያየት የዝምድናና የገበያ ሥራ ነበር እንጂ የመንግሥት ሥራ አልነበረም። ቤተ መንግሥቱ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ፣ አንገታችን ግን እንደዚያው ቀርቷል መሰለኝ።

አንድ ጊዜ ተሞክሯል ብትሉኝ፣ አዎ፣ ተሞክሯል። በደርግ ጊዜ። በ1967 የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በ1970 ደግሞ የመላው ኢትዮጵያ ገበሬዎች ማኅበር መጣ፣ መኢገማ። ከቀበሌ ተነስቶ በወረዳ፣ በአውራጃ፣ በክፍለ ሀገር አድርጎ አገር አቀፍ የሚደርስ። በወረቀት ላይ ተማሪዬ የሚጠይቀው ነገር ራሱ ነው። አባቴ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበር፤ ለስብሰባ ደብረ ብርሃን ይጠሩት ነበር። ምን ትነጋገሩ ነበር አልኩት አንድ ቀን። «መነጋገርማ የለም፣ መስማት ነው» አለኝ። «ኮታው ስንት እንደሆነ ሰምተን እንመጣለን። ከሰው ጋር መተዋወቁ ግን ጥሩ ነበር።» የእህል ኮታ፣ ሰፈራ፣ መንደር ምሥረታ፣ ሁሉም በዚያው መስመር ነው የወረደው። መረቡ ነበረ፤ ግን ውሃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚወርድበት ቦይ ነበር። ለዚህ ነው «አገር አቀፍ ማኅበር እናቋቁም» ሲባል የአባቴ ትውልድ ዝም የሚለው። ፍርሃታቸውን አልንቀውም።

ከተሞቹ ዘንድ ነገሩ ይለያል። የኢትዮጵያ ከተሞች ማኅበር አለ፤ የከተሞች ፎረምም አለ፤ በ2009 ጎንደር፣ በ2011 ጅግጅጋ፣ በ2016 ሰመራ ሎጊያ ላይ ሲካሄድ በቴሌቪዥን አይተናል። ከንቲባ ከከንቲባ ይገናኛል፣ አንዱ የሌላውን የቆሻሻ አወጋገድ አይቶ ይሄዳል፣ ስለ መሬትና ስለ ገቢ ያወራሉ። ኤግዚቢሽንና ዘፈን ይበዛበታል የሚል ሐሜት አለ፤ ይብዛበት፣ ቢያንስ ይተያያሉ። እኛ ጋ ደግሞ ደብረ ብርሃን ስትሰፋ በዙሪያዋ የነበሩ የገጠር ቀበሌዎች ወደ ከተማ አስተዳደሩ ገብተዋል። ትናንት ገብስ የሚያጭድ ቀበሌ ዛሬ ከተማ ስለተባለ ድምፁ እዚያ መድረክ ሊደርስ ይችላል። ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው፣ ያው ገብስ የሚያጭደው ቀበሌ ግን አይደርስም። ልዩነቱ የካርታ መስመር ነው።

ሌላው ዓለም እንዴት አደረገው ብዬ ትንሽ አነበብኩ። እንግሊዝ ውስጥ ፓሪሽ የሚባሉ ትንንሽ ምክር ቤቶች አሉ፤ ወደ 10 ሺህ ይጠጋሉ። ከእኛ ቀበሌ ያነሰ ሕዝብ ያላቸው ሞልተዋል። ሥራቸው የመቃብር ቦታ፣ መናፈሻ፣ የመንገድ መብራት፣ የመንደር አዳራሽ። ሲያዩት ቀልድ ይመስላል። ግን ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገር አቀፍ ማኅበር አላቸው። አንዱ መንደር በመቃብር አጥር ተካሶ ሲያስቸግረው ሕግ የሚያውቅ ሰው ያማክረዋል፤ ፓርላማ የሚነካቸው ሕግ ሲያወጣ ስለ ሁሉም ሆኖ የሚናገር አለ። ሆላንዶች ከዚያ ቀድመው በ1912 እ.ኤ.አ. ማኅበራቸውን አቋቁመዋል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ደቡብ አፍሪካ ናት። በ1996ቱ ሕገ መንግሥታቸው የተደራጀ የአካባቢ መንግሥት ተጠቅሶ፣ በላይኛው ምክር ቤታቸው እስከ አስር ተወካይ ድረስ ገብቶ እንዲናገር ተፈቅዶለታል። ድምፅ አይሰጡም፤ ይናገራሉ። «ድምፅ ካልሰጡ ምን ዋጋ አለው?» ብሎ የጠየቀኝ አንድ ባልደረባ አለ። እኔ ሦስት ዓመት ድምፅ ስሰጥ ነበር ወንድሜ፤ እጄን አውጥቼ ዕቅድ ሳጸድቅ። ያጣሁት የሚሰማኝ ሰው ነው።

እሺ፣ ወደ ወንዙ ልመለስ።

ከለቅሶው በኋላ እኔና ጋሼ ጸሐፊው ነገሩን አልተውነውም። የሁለቱን ቀበሌ አፈ ጉባኤዎች አነጋገርን። ጥቅምት 2009 ላይ አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዙ ዳር ሾላ ሥር ተቀመጥን፤ ከዚህ ሰባት ሰው፣ ከዚያ ዘጠኝ። ሁለታችንም ቃለ ጉባኤያችንን ይዘን መጥተናል። ጮክ ብሎ ተነበበ። የእኛ ሲነበብ እነሱ ሳቁ፣ የእነሱ ሲነበብ እኛ ሳቅን። ከዚያ ዝም ተባለ፤ ልጅቷን ሁሉም ያውቃታላ። አባትየውም ነበር፤ አንድም ቃል አልተናገረም።

ያን ቀን በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሦስት ዓመት ያልተወሰነው ተወሰነ። ባህር ዛፉን እነሱ፣ ድንጋዩንና ጉልበቱን እኩል፣ ሽቦውን እኛ ከትምህርት ቤቱ ወላጅ መምህር ኅብረት። ጥር ላይ፣ ከአስተርዮ ማርያም በኋላ፣ በደቦ ተሠራ። ከዚህም ከዚያም በየቀኑ አርባ ሃምሳ ሰው ይወጣ ነበር። ጠላው የማዶ ነው፤ ከእኛ ይሻላል፣ መመስከር ግዴታ ነው። ሰው በግ ይዞ የሚሻገርበት፣ አህያ ጭና የምታልፍበት የእንጨት ድልድይ ወጣው።

መሠራቱ ሲሰማ አንድ ቢሮ ተጠራሁ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ሰውየው ክፉ አልነበረም፣ እንዲያውም አመሰገነን። ግን ግራ ገብቶታል። «ሪፖርት ላይ እንዴት እናስገባው? ያ ስብሰባ በየትኛው መዋቅር ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የሁለት ወረዳ ሁለት ቀበሌ ሾላ ሥር የሚገናኙበት መዋቅር የለም። በመጨረሻ «የሕዝብ ተሳትፎ» ተብሎ ገባ። ሕዝብማ ተሳትፏል። ግን ሁለት ምክር ቤት ተገናኝቶ መወሰኑ የትም አልተጻፈም፤ ስላልተጻፈ ደግሞ ሌላ ቦታ ያለ ቀበሌ «ለካ እንዲህ ማድረግ ይቻላል» ሊል አይችልም።

እኔ ለተማሪዬ የምመልሰው ይኸው ነው። የሚያስፈልገን ባነርና አበል ያለው፣ ሆቴል ውስጥ በሻይ እረፍት የሚያልቅ ማኅበር አይደለም። እሱማ ቢቋቋም ነገ ሞተር ሳይክል ገዝቶ ከነገ ወዲያ በኦዲት ይዘጋል። የሚያስፈልገን ቀበሌ ቀበሌን፣ ወረዳ ወረዳን፣ ፈቃድ ሳይለምን የሚያገኝበት መንገድ ነው። በአገሪቱ ወደ 15 ሺህ ገደማ ቀበሌ አለ። ስንቱ ቃለ ጉባኤ ላይ «ለሚመለከተው አካል ይገለጽ» ተብሎ የተቀመጠ ወንዝ እንዳለ አስቡት። እነዚያ ቃለ ጉባኤዎች አንድ ቦታ ቢነበቡ ኖሮ፣ አንድ ሰው የክልል በጀት ሲታወጅ ተነስቶ «የወረዳ ድንበር ላይ ያሉ መሻገሪያዎች ባለቤት የላቸውም፣ ይህ የአንድ ቀበሌ ችግር አይደለም» ሊል ይችል ነበር። ይህን አንድ ቀበሌ ብቻውን ሲለው ልመና ነው። ሦስት መቶ ቀበሌ ሲለው ግን የበጀት መስመር ይሆናል። ገበሬዎቻችን ይህን ያውቁታል፤ መሠረታዊ ማኅበራቱ ተሰባስበው እንደ ወደራ ያለ ዩኒየን የሆኑት ማዳበሪያን በተናጠል መሸመት ስለማያዋጣ ነው። እኛ መምህራንም ከ1941 ጀምሮ ማኅበር አለን፤ ብናማውም፣ መዋጮው ከደመወዛችን ሲቆረጥ ብንነጫነጭም፣ አለ።

ግን አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ ሳልጽፈው ባልፍ ስነ ዜጋ አስተማሪ መሆኔ ያፍርብኛል። ማኅበሩ ቢቋቋም የማን ተወካይ ነው የሚሆነው? እኛ በ2005 የተመረጥነው ለአምስት ዓመት ነበር። በ2010 መካሄድ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ ተላለፈ፣ በ2011ም ዳግም ተላለፈ። በ2013 አገር አቀፍ ምርጫ ሲካሄድ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ምክር ቤቶቻቸውን መርጠዋል፤ የእኛዎቹ ወረዳና ቀበሌዎች ያኔ አልመረጡም። እኔ ከዚያ ቀበሌ በ2010 ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውሬያለሁ። በእኔ ቦታ ማን እንደተመረጠ ጠየቅኩ፤ ማንም። ስሜ አሁንም ዝርዝሩ ላይ ሊኖር ይችላል። ጠባሴ ተቀምጬ የማሽላ አገር ተመራጭ ነኝ ማለት ነው። እንደ እኔ ያሉ ሰዎች የተሰባሰቡበት አገር አቀፍ ማኅበር ከአባቴ መኢገማ በምን ይለያል? በዚህ ላይ መልስ የለኝም። ምርጫው ይቅደም የሚሉ አሉ፤ ምርጫ እስኪመጣ ወንዙ አይጠብቅም የሚሉም አሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። የሾላው ስብሰባ የሠራው እኮ ሰዎቹ በትክክል ስለተመረጡ አልነበረም፤ ጎረቤቱ ዓይን ፊት ስለተቀመጡ ነው።

ልጅቷን የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ። በ2009 መስከረም አልተመለሰችም። ድልድዩ በጥር ሲያልቅ እሷ አግብታ ወደ ቆላው ወርዳለች። ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ስወርድ አልዩ አምባ ገበያ ላይ አገኘኋት። በርበሬ ትሸጣለች፣ ሁለት ልጅ አላት። «ቲቸር!» ብላ ስትጠራኝ ደንግጬ ነበር። ስለዚያ ቀን አላነሳንም። ትልቁ ልጇ አንደኛ ክፍል ገብቷል፣ ያንን ድልድይ ተሻግሮ ነው የሚማረው፤ ባሏ እንደገና ወደ እነሱ አገር መጥቶ አርሷል። በርበሬውን ስታስከፍለኝ እንቢ አለች፣ እኔም እንቢ አልኩ፣ በግማሽ ተስማማን።

ትናንት ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ለጋሼ ጸሐፊው ደወልኩላቸው። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ በሦስተኛው ያዘ። ጤናቸውን ጠይቄ፣ «ድልድዩስ?» አልኩ።

«ሁለቱ ግንድ በስብሷል፣ ሰኔን አይሻገርም» አሉኝ። «አዲሱ ሊቀመንበራችን ለወረዳ ጽፏል። በእናንተ በኩል ያለው ነው የበሰበሰው ይላሉ። እስቲ እዚያ የምታውቀው ሰው ካለ ንገርልን።»

የቀበሌ ሥራ አስኪያጁ ተማሪዬ፣ የእነሱን ስልክ በኢንቦክስ ልኬልሃለሁ። አንተ ያለህበት ቀበሌ ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ደውልላቸው።